ቢጫው ላስቲክ

ባለፈው ክረምት እናቴን ስትሮክ መታትና ግራ እጇ አልታዘዝ አላት፤ አንደበቷም ተዘጋ። ከሐሙሲት አንስቼ ደብረ ታቦር እኔ ቤት አመጣኋት። ሐኪሙ እጇን የምታፍታታበት የስፖርት ላስቲክ ግዛላት አለኝ።

ገበያ ወጥቼ ጥቁሩን ሳነሳ፣ ከአረብ አገር የተመለሰችው ባለሱቅ ከእጄ ተቀበለችኝ።

«ይኼ ጠንካራ ነው፤ ለጎረምሳ ነው። እዚያ ሳለሁ የማስታምማቸውን አሮጊት በቢጫው ነበር የማሠራቸው። ለስላሳ ነው። ብቻ አታቻኩላቸው» አለችኝ።

በየቀኑ ከሥራ ስመለስ አንዱን ጫፍ መዳፏ ላይ ጠቅልዬ፣ ሌላውን ይዤ ፊት ለፊቷ እቀመጣለሁ።

«እማዬ፣ እስቲ ሳቢው» እላታለሁ።

እሷ በመስኮት ዝናቡን ታያለች። ላስቲኩ እንደረገበ ይቀራል። እኔም እንባዬን ደብቄ እነሳለሁ።

መስከረም ከጠባ በኋላ አንድ ቀን ላስቲኩ እጄ ላይ ተወጠረ። እየሳበችው ነበር! ከደስታዬ ብዛት ተንበርክኬ ጉልበቷን አቀፍኩ። ቃሏ ቢኮላተፍም ሰማኋት።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፤ በጣም ደከምክልኝ።»

በደህና እጇ ፊቴን ዳበሰችና ትክ ብላ አየችኝ።

«ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?»