ድምፁን መልስልኝ

ጥገና ቤቱ ውስጥ ወረፋው አልንቀሳቀስ ብሎ አንጀቴ አሯል። ከፊቴ የቆሙት ሽማግሌ ግን አይቸኩሉም። ኮታቸው በደንብ ተተኩሷል፤ አንዱ ቁልፍ ብቻ ባልለመደ እጅ፣ በሌላ ቀለም ክር ተተክሏል። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተራቸውን ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይላቸውን ዩፒኤስ በፎጣ ጠቅልለው ነው ያመጡት።

ጠጋኙ አዲስ ባትሪ ገጠመና ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀለው። የመሞከሪያው ኮምፒውተር አልጠፋም።

«ይኸው አባባ፣ ከእንግዲህ መብራት ቢሄድም የጻፉትን ውሃ አይበላውም።»

«ጎሽ የኔ ልጅ። ድምፁስ?»

«ያ መብራት ሲሄድ ጲጵ ጲጵ የሚለው? እሱንማ አጠፋሁልዎት። ሰው ሁሉ አደነቆረን ስለሚል፣ ባትሪ ስቀይር አብሬ ነው የምዘጋው።»

«መልስልኝ።»

«ኧረ ያስቸግርዎታል!»

ሽማግሌው ፎጣውን አጠፉት፤ ዘረጉት፤ መልሰው አጠፉት።

«ቤት ውስጥ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነው» አሉ።

ጠጋኙ ድምፁን ከፈተና ሶኬቱን ሰክቶ እንደገና ነቀለው። ዩፒኤሱ ጮኸ።

«አቤት» አሉ ሽማግሌው፣ ሳያስቡት።