ሲስተር ኦርፓ እና የሚሸሹት ስሞች

ነርሷን ሲስተር ኦርፓን በጀልባዬ ከደሴት ደሴት ሳመላልስ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። እንደ እሷ ቁጡ ሰው አላየሁም፤ መቆጣትም እንደ እሷ የሚገባው የለም። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ማን እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደከረመ፣ ወዴት እንደተወሰደ መዝገብ ይዛ ትከተላለች። በሽታው ከቀደማት ያልተከተቡ ሕፃናት ያልቃሉ።

መከራዋ ደግሞ እኛው ነን። በእኛ ሰፈር ልጅ ሲታመም ስሙ ይቀየራል፤ በሽታው በድሮ ስሙ ሲፈልገው እንዲያጣው ነዋ! የሚያጣው ግን በሽታው ሳይሆን ሲስተር ኦርፓ ናት።

በዝናቡ ወራት ሜልኪ የሚባል የታመመ ልጅ ኑሳኤር ደሴት ወዳለች አክስቱ ተወሰደ ተባለ። ሲስተር ክው አለች። የልጇ የኤልሲና ቤት እዚያው ጎረቤት ነው፤ የልጅ ልጇ ቪክቶሪን ገና የሦስት ወር ናት፣ ለክትባት አልደረሰችም። በርረን ሄድን።

«ሜልኪ እዚህ መጥቷል?» አለቻት አክስቲቱን።

«ኧረ የምን ሜልኪ! እንዲህ የሚባል ልጅ የለም።»

«ስሙን ቀይራችሁ እንዳይሆን! የታመመ ልጅስ?»

«በእግዜር ስም! ምንም የለም አልኩሽ እኮ።»

ልጁ ለካ ጓዳ ተኝቶ ነበር። እኛ ሞኞቹ አምነናት ሌሎች ሦስት ደሴቶች ስንዞር ሁለት ሳምንት አለፈ። ከዚያ ኤልሲና መልእክት ላከች፤ ሕፃኗን ትኩሳት ይዟታል።

ስንደርስ የአክስቲቱ ደጅ ላይ አንድ ልጅ የካሳቫ ቂጣ ይገምጣል፤ ፊቱ ላይ የሽፍታው ምልክት ገና አልጠፋም።

«ይሄ ማነው?» አለች ሲስተር።

«ያኮቡስ ነዋ።»

«ሜልኪ ነው አንቺ ሴትዮ! በጊዜ ብትነግሪኝ ልጄ ሕፃኗን ይዛ ትሄድልኝ ነበር!»

«ቀስ በይ ሲስተር፣ ይሰማል!» አለችና አፏን ልትይዛት ተንጠራራች።

«በሽታ ጆሮ የለውም! ጆሮ የሌላችሁ እናንተ ናችሁ!» አለች ሲስተር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ሴትዮዋ የደበቀችው ልጅ ግን ድኖ ቂጣ ይበላል። ንድድ አለኝ።

ሲስተር ሕፃኗን ከኤልሲና ተቀብላ፣ አቅፋ ጀልባዬ ውስጥ ገባች። ሆስፒታል ወዳለበት ወደ ትልቁ ደሴት አቀናን። ሆስፒታሉ በር ላይ መዝጋቢዋ ብዕሯን አነሳች።

«የሕፃኗ ስም?»

ሲስተር ሕፃኗን ቁልቁል አየቻት። ሕፃኗ ታቃስታለች።

«ሮዚና» አለች በመጨረሻ።

ጆሮዬን አላመንኩም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጮኻብናለች እኮ!

«ቪክቶሪን ናት! እህቴ፣ ቪክቶሪን ብለሽ ጻፊ!» አልኩ በኃይል።

ሲስተር ኦርፓ ዞር ብላ አፌን በመዳፏ ያዘችው።

«ቀስ በል» አለችኝ፣ «ይሰማል።»