ኤኮ የማይወደው ሽፍታ

ሲያትል ከተማ ባለ አንድ ባር ድምፅ ማስተካከል የጀመርኩ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜ ከመባረር ተርፌአለሁ። መጀመሪያ የመድረኩን ገመድ ረግጬ ጊታሩን ዝም አሰኘሁት። ቀጥዬ ለዘፋኙ ኤኮ ሰጠሁት።

ኤኮ መስጠት ማለት ድምፁ እንዲያስተጋባ ማድረግ ነው። አዲስ አበባ ስምንት ዓመት ሠርግ ስሠራ ያደግኩት በዚህ ነው። እኛ ዘንድ ኤኮ የሌለው ዘፋኝ ጨው የሌለው ወጥ ነው። የድግሱ መሪ «ሙሽራው» ሲል አዳራሹ ሦስት ጊዜ ካልመለሰለት የሙሽራው አባት ራሱ ያኮርፋል። ስለዚህ ሚክሰሩ ላይ እንደተቀመጥኩ እጄ ሳላዘው ወደ ኤኮው ሄደ።

ዘፋኙ ዴል ይባላል። ከስልሳ ያለፈ፣ ነጭ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ፣ ጥቁር ባርኔጣ የማይለየው የካንትሪ ሙዚቃ ሰው ነው። ዘፈኑን መሀል ላይ አቁሞ አየኝ።

«ወዳጄ፣ ጉድጓድ ውስጥ የከተትከኝ ምን በድዬህ ነው?»

ሰዉ ሳቀ። «ሶሪ ሰር» ብዬ ኤኮውን ዜሮ አደረግኩት። ድምፁ ሻካራውን፣ ትንፋሹ ሳይቀር እየተሰማ ወጣ። ራቁቱን ያየሁት ያህል አፈርኩለት።

ሥራው ላይ ያስገቡኝ የባሩ ምግብ አብሳይ ጋሽ መኮንን ናቸው። የሬኒየር ቫሊ ሰፈር ነዋሪ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የምንገናኝ ትልቅ ሰው ናቸው። በእረፍት ሰዓት ወጥ ቤት አስጠሩኝ።

«ለማናጀሯ ኮል አድርጌ ፕሮፌሽናል ነው ብያታለሁ። እንዳታዋርደኝ።»

«ምን ላድርግ ጋሼ፣ ሰውየው ኤኮ አይወድም።»

«ሶ አትስጠዋ! ጠግቤያለሁ ያለን ሰው በግድ ታጎርሳለህ እንዴ?»

በእርግጥ እሳቸው በግድ ያጎርሳሉ። ይህን ግን አልነገርኳቸውም።

ዴል ኤኮ የሚጠላበትን ምክንያት የነገረኝ ከወራት በኋላ ነው። በወጣትነቱ ካንትሪ ወደሚቀረፅበት ትልቅ ከተማ ሄዶ ነበር። እዚያ ዘፈኑን የሚመርጠው የሙዚቃ ኩባንያው ሰው ነው። ሙዚቀኞቹንም የሚያመጣው እሱ ነው። የዴል ጓደኞች ጊታራቸውን ታቅፈው ሆቴል ቀሩ። ዘፍኖ ከወጣ በኋላ ደግሞ ሳይጠየቅ ኤኮ፣ ቫዮሊንና የመዘምራን ድምፅ ደረቡበት።

«እናቴ በሬዲዮ ሰማችና ድምፄን ሳታውቀው፣ ያ ከኋላ የሚዘፍነው ልጅ ማነው? አለችኝ» አለ።

ከዚያ ጢሙን አሳድጎ፣ እንደሱ ከተማረሩ ዘፋኞች ጋር ወጣ። «የራሳችንን ዘፈን ከራሳችን ሙዚቀኞች ጋር፣ አለዚያ አንዘፍንም» አሉ። ሕግ የማይገዛቸው ተባሉ። እኛ ሽፍታ የምንለው መሆኑ ነው።

«በእኛ አገር ሽፍታ ጫካ ይገባል» አልኩት።

«እኛም ገብተናል። ጫካው ግን ቢራ ነበረበት።»

ከዚያ በኋላ ተግባባን። «ሰር» ማለቱን ከልክሎኝ ሳልወድ በስሙ ጠራሁት። ማይኩን ከአፉ በአራት ጣት አርቄ አቆምለታለሁ፣ ጊታሩን ከድምፁ ትንሽ ዝቅ አደርጋለሁ፣ እጄን ሰብስቤ እቀመጣለሁ። ሠርግ ላይ ብሆን ሥራ ፈታ የሚሉኝ ዓይነት ነው።

ስድስት ዓመት ያህል እንዲህ ሠራን። አንድ ቀን ዴል ጉሮሮው ላይ እጢ ተገኘበት። ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል፣ ሐኪሙም ከዚያ በኋላ መዝፈኑን እርሳው ብሎታል። ማናጀሯ ሊንዳ አንድ እሑድ ከሰዓት ባሩን ለወዳጆቹ ብቻ ከፈተች። በመድረኩ ላይ፣ ከራሱ ሙዚቀኞች ጋር የመጨረሻ አልበሙን እንዲቀርፅ ነው። ድምፁን የምቀርፀው እኔ ነኝ። ከቅዳሴ በቀጥታ መጥቼ ነጠላዬን ወንበሩ ላይ ጣል አድርጌ ተቀመጥኩ።

ዘጠኙ ዘፈን በሰላም አለፈ። አሥረኛው ላይ፣ ከፍ የሚለው ስንኝ ጋ ሲደርስ ድምፁ ተሰነጠቀ። እሱ አላቆመም። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ።

ሌክ ሲቲ ሰፈር ያለው ቤቴ ገብቼ ቅጂውን ከፈትኩት። ትልቅ ሰው ሲሰናከል አይታይም፣ ዞር ይባላል፣ ይሸፈናል። እንዲህ ነው ያሳደጉኝ። ስንጥቁን በኮምፒውተር ገጠምኩት። ትንፋሹን ቀነስኩ። ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ኤኮ ጨመርኩ። ኮምፒውተሩ ቦታ ሲያጣ ዋናውን ቅጂ አጠፋሁት። እውነቱን ለመናገር ኮርቼ ነበር።

ከሳምንታት በኋላ ዴል ከሕክምናው ተመልሶ ባሩ መጣ። አንገቱ ታስሯል፣ መናገር አይችልም። አልበሙን በጆሮ ማዳመጫ እስከ መጨረሻው ሰማው። ከዚያ የምግብ ማዘዣውን ደብተር ስቦ ጻፈ፤

«ያ ከኋላ የሚዘፍነው ልጅ ማነው?»

ቀጥሎ «ዋናውን አሰማኝ» ብሎ ጻፈ። ዋናው የለም። ዴል ዕድሜ ልኩን የሸሻቸው ሰዎች ያደረጉትን እኔ በአክብሮት ስም ደገምኩት። ያ ድምፅ ደግሞ ዳግመኛ አይገኝም።

ወጥ ቤት ገባሁ። ጋሽ መኮንን ሽንኩርት ይከትፋሉ።

«ጋሼ፣ የሽማግሌውን ድምፅ አጠፋሁት» አልኩና አለቀስኩ።

ሁሉንም ሰምተው እጃቸውን ጠረጉ። ፍሪጁ ላይ ተንጠራርተው አንድ ካሴት አወረዱ።

«እኔ እኮ ሪከርድ አድርጌዋለሁ። መኪናዬ ካሴት ነው የምታጫውተው፣ ኦበርን ከተማ ወዳለው ሌላው ሥራዬ ስነዳ ልሰማው ብዬ ነው። ቴፔን ምግብ ማቀበያው መስኮት ላይ ነበር ያስቀመጥኩት። ኦኬ ከሆነ ውሰደው።»

ካሴቱን ከዴልና ከሊንዳ ጋር ሰማነው። ዘይት ይንጫጫል፣ ሳህን ይጋጫል። ሦስተኛው ዘፈን መሀል የጋሽ መኮንን ድምፅ «ሁለት በርገር፣ ሽንኩርት የሌለው» ይላል። አሥረኛው ላይ ድምፁ ተሰነጠቀ። ዴል ዓይኑን ጨፍኖ ሰምቶ፣ ደብተሩ ላይ «ይሄ እኔ ነኝ» ብሎ ጻፈ።

ሊንዳ «ቢያንስ በርገሩን ቆርጠን እናውጣው» አለች። ዴል ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። አልበሙ ካሴቱ ላይ እንዳለ ወጣ። ጋሽ መኮንንም ደጀ ሰላም ላይ ላገኙት ሰው ሁሉ «ሦስተኛው ላይ አለሁ» ይሉ ነበር።

አሁን ሚክሰር ላይ ለምትቀመጡ ልጆች የምለው አጭር ነው። ዋናውን ቅጂ አታጥፉ። የዘፋኙ ድምፅ ተሰንጥቆ ካሳዘናችሁ፣ ከመንካታችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁት። እምቢ ካለ እጃችሁን ሰብስቡ።