ሞጣ ላይ አልወርድ ያለው ጎማ

ካፒቴን ሰጠኝ አካለ ወልድ የብቸና ልጅ ነው። አባቱ የቅኔ መምህር ነበሩና ልጄ ወንበሬን ይወርሳል ብለው ሲጠብቁ፣ እሱ አዲስ አበባ ሄዶ አውሮፕላን ማብረር ተማረ። በ1962 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነስቶ ብቸናና ሞጣ የሚያርፈውን ባለሁለት ሞተር ዳኮታ አውሮፕላን የሚያበረው እሱ ነበር። ብቸና ባረፈ ቁጥር የሚያውቁት ሁሉ ከበው ይስሙታል። ያገሩን ሰው ይዞ መብረር ያስደስተዋል።

በዚያ ኅዳር ግን ከቀኙ ጎማ በላይ ያለው የዘይት ቱቦ ማንጠብጠብ ከጀመረ ቆይቷል። ለበረራ ኃላፊው ለአቶ ኃይለ ሚካኤል ደጋግሞ ነግሯል። አዲስ ቱቦ መጣ ሲባል ግን የውጭ አገር እንግዶች ለሚሳፈሩበት ሌላ አውሮፕላን ተገጠመ። የዚያን ዕለት ጠዋት መካኒኩ አሮጌውን ቱቦ አጠባብቆ፣ "ለጊዜው ይዟል" አለው። ሰጠኝ ልቡ አላርፍ ቢለው ኃላፊው ቢሮ ገባ።

"ጌታዬ፣ ይህ ቱቦ አየር ላይ ቢለቅ ጎማም ፍሬንም የለኝም።"

አቶ ኃይለ ሚካኤል ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። "የምትጭነው እኮ የጎጃም ባላገር ነው፤ ምን ያስጨንቅሃል? ስትመለስ ይታያል" አለው።

ንግግሩ ሰጠኝን አጥንቱ ድረስ ዘለቀው። ቢሆንም ቱቦው ሲሞከር ስለያዘ ተነሳ። ብቸና በሰላም አረፉ። እዚያ ከተሳፈሩት አንዷ የእናቱ ጎረቤት ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ነበሩ። ሞጣ የተዳረች ልጃቸው ወልዳ ለክርስትናው መሄዳቸው ነው።

መርጡለ ማርያምን በስተቀኝ ትተው ወደ ሞጣ ዝቅ ማለት ሲጀምሩ ሰጠኝ ጎማዎቹን የሚያወርደውን እጀታ ገፋ። የግራው ጎማ መውረዱን የሚያሳየው አረንጓዴ መብራት በራ። የቀኙ አልበራም። የዘይቱን ግፊት የሚያሳየው መርፌ ቁልቁል ወረደ።

"ቱቦው ለቀቀ" አለ ረዳት አብራሪው ገብረ ክርስቶስ።

ሰጠኝ ለሞተሮቹ ሙሉ ጉልበት ሰጥቶ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ሰማይ ቀና አደረገው። ሜዳውና እንግዳ ሊቀበል የወጣው ሕዝብ ከሥራቸው አለፉ።

"በእጅ ፓምፑ እንሞክር" አለ።

ለእንዲህ ያለ ቀን ከዘይቱ ጋን ሥር የሚቀር ጥቂት ዘይት አለ። ገብረ ክርስቶስ የፓምፑን ዘንግ ይገፋና ይስብ ጀመር፤ ላብ አጠመቀው። ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል በተከፈተው በር አንገታቸውን አስግገው፣ "ልጄ፣ ለምን አንወርድም?" አሉ።

"አንድ ጎማ አስቸግሮን ነው፣ እትዬ። ቀበቶዎን ያጥብቁ።"

እሳቸውም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ድንግልን መለመን ጀመሩ።

ሰጠኝ ፈርቷል። ከፍርሃቱ የባሰ ያንገበገበው ግን ንዴቱ ነበር። እነዚህ ሰዎች አንድ ቱቦ አይገባቸውም ያለው ሰው በዚህች ሰዓት ቢሮው ውስጥ እግሩን ዘርግቶ ሻይ ይጠጣል።

ከብዙ መዞር በኋላ የቀኙ መብራት በራ። ፍሬን ግን የለም። ሰጠኝ ሜዳው ሽቅብ በሚሄድበት በኩል ዞሮ፣ ገና ከጫፉ ጎማዎቹን መሬት አስነካ። ሣሩ ላይ እየነጠረ ሄደ፣ ሄደ፣ ዳገቱ ጉልበቱን አድክሞት ከእሾህ አጥሩ አጠገብ ቆመ። እልልታው ቀለጠ።

ሰጠኝ አልሳቀም። በቀጥታ ወደ ጣቢያው ራዲዮ ሄዶ የሆነውን ለአዲስ አበባ ነገረ።

"ዘይት ሙላበትና የሚጠብቁህን ተሳፋሪዎች ጭነህ ተመለስ" አለ አቶ ኃይለ ሚካኤል።

"ቱቦው ተቀዷል። ዘይቱን መሬት ላይ ላፍስሰው?"

"ትእዛዝ ነው።"

"እኔም የጎጃም ባላገር ነኝ። ሰው ጭኜ አልነሳም" ብሎ መነጋገሪያውን አስቀመጠ።

ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ሊያመሰግኑት መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። "ማነው እሱ የሚቆጣህ?"

"አለቃዬ ነው፣ እትዬ። በተበላሸው ካልተነሳህ ብሎ ነው።"

"ታዲያ እሱ መጥቶ ይሳፈርበታ" አሉ፣ ፊታቸው ተለዋውጦ።

አዲሱ ቱቦ በማግስቱ በሌላ አውሮፕላን መጣ። የለም ሲባል የከረመው ዕቃ ባንድ ሌሊት ተገኘ። ሰጠኝ አዲስ አበባ ሲደርስ ትእዛዝ በመጣስ ከበረራ ታገደ። ይቅርታ ብትጠይቅ ይቀልልሃል ቢሉት፣ "ማንን ነው የምጠይቀው?" ብሎ ብቸና አባቱ ቤት ገባ። ወደ ሥራው የመለሱት አብራሪ ሲያጥራቸው ነው እንጂ ፍርድ አግኝቶ አይደለም።

ለአቶ ኃይለ ሚካኤል በዚያው ዓመት ሹመት ተጨመረለት። በግብዣው ላይ ቆሞ በእሱ ዘመን አንድም ተሳፋሪ እንዳልተጎዳ ሲናገር አዳራሹ አጨበጨበ። ሰጠኝ ከመቀመጫው ተነሳ።

"ያልተጎዱት ገብረ ክርስቶስ ክንዱ እስኪዝል ዘንግ ስለገፋ ነው" አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው።

ጭብጨባው ተቋረጠ። ሰጠኝ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። ገብረ ክርስቶስም ተከትሎት ወጣ።