ፊቷን የሸፈንኩባት ነጠላ

ሰፈራችን ሰባት ቤት ናት። ታናሽ እህቴን ምጥ ሲይዛት ከሰባቱ ቤት ቃሬዛ የሚሸከም ወንድ አራት ብቻ ተገኘ፤ ዝናቡ ከቀረ ወዲህ ሌላው ሁሉ ለቀን ሥራ አገር ለቋል።

በእኛ ዘንድ ቃሬዛ ቅብብል ነው። እኛ እስከ ወንዙ እናወርዳለን፣ የማዶው መንደር ተቀብሎ ዳገቱን ያወጣል። ከዳገቱ ራስ ላይ ጥርጊያ መንገድ አለ፤ የሰቆጣው አምቡላንስ እስከዚያ ይመጣል። እሱንም በእኛ በኩል ካለው ኮረብታ ወጥተን በስልክ ጠርተነዋል። ማዶ ግን ስልክ አይገባም። ቢሆንም ቃሬዛ ሲያዩ ራሳቸው ይወርዳሉ፣ ሁሌም እንዲያ ነው።

ፀሐዩ አናት ይበሳል። እህቴ ከትናንት ጀምራ ስታምጥ ደክማለች።

"እትዬ፣ ፀሐዩ ገደለኝ" አለችኝ።

ነጠላዬን አውልቄ ከእግሯ እስከ ራሷ አለበስኳት። እንደው ምን ነክቶኝ ነው! በእኛ አገር ታማሚ ፊቱ ክፍት ነው፤ ሬሳ ነው የሚሸፈን። ቤተ ክርስቲያናችንም ማዶ ነው፣ ከእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት መቃብሩን የሚቆፍሩት እነሱ ናቸው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አፈር ያስበላኝ፣ በዚያች ሰዓት አንዱም ትዝ አላለኝም።

ወንዙ ጋ ስንደርስ የማዶ ሴቶች ደረታቸውን እየደቁ ይወርዳሉ። አንድም ወንድ አብሯቸው የለም።

"ወንዶቹስ የት አሉ?" ብዬ ጮህኩ።

"መቃብር ሊቆፍሩ ሄደዋል፣ ልጄ" አሉኝ አንዲት አሮጊት።

"ኧረ በሕይወት አለች!" ነጠላውን ገፈፍኩት። አሮጊቷ የእህቴን ዓይን ሲያዩ "ውይ በሞትኩት!" ብለው ወንዶቹን ለመጥራት ሽቅብ ሮጡ። ቤተ ክርስቲያኑ ከማዶው ኮረብታ ጀርባ ነው።

የእኛዎቹ አራቱ ወንዙን ተሻግረው ዳገቱን ሞከሩት። ጉልበታቸው ከድቷቸው ሁለቴ አስቀመጧት።

"ደረስን?" ትለኛለች እጄን ይዛ።

"ደርሰናል፣ አይዞሽ።" ዋሸኋት። ገና ግማሹንም አልወጣንም ነበር።

ወንዶቹ አፈር በአፈር ሆነው፣ ዶማቸውን እንደያዙ እየሮጡ ሲደርሱ እጇ እጄ ውስጥ ላልቷል። ልጁም በሆዷ ቀረ። ከላይ የአምቡላንሱ ጡሩምባ ይጮኻል።

ነጠላውን መልሼ አለበስኳት። ስምንት ሆነው ተሸከሟት፣ ያን ዳገት አንዴም ሳያሳርፏት ወጡት። መቃብሩ ተቆፍሮ አልቆ ነበር።