የአማ ራስ ምታት

በደርግ ጊዜ ሆሳዕና ውስጥ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነበር። እኔ ቁስል የማጥብ፣ መርፌ የምወጋ ድሬሰር ነበርኩ፤ መናኸሪያው አጠገብ ባለች አንዲት መድኃኒት ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። «ዶክተር» ሲሉኝ አንድም ቀን አርሜ አላውቅም። ምን ቆርጦኝ! ሥራዬን ጠንቅቄ አውቅ ነበር። የአንጋጫ ልጅ ነኝ፤ ከምባትኛ ቤት፣ አማርኛ ትምህርት ቤት፣ ሀዲይኛ ደግሞ ገበያ ውስጥ ለምጄ ስላደግኩ፣ በሽተኛ በፈለገው ቋንቋ ቢያቃስት አይጠፋኝም። ዕድሜዬ ሃያ ስድስት ነው፤ ጋውኔ በየቀኑ ይታጠባል፤ አፌ ደግሞ አያርፍም። ያን ጊዜ በዓለም ላይ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ከመደርደሪያዬ ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው የራስ ምታት ኪኒን ነበር። የአገሩ ሰው ራሱን ሲያመው መጀመሪያ ዳማከሴ ጨምቆ ይጠጣል፤ ቀጥሎ አናቱ ላይ ቅቤ ያደርጋል፤ ከዚያ በሻሽ ጥፍር አድርጎ ያስራል። ይሄ ሁሉ እምቢ ሲል ነው ወደ እኔ የሚመጣው። እኔም ሁለት ፍሬ በወረቀት ጠቅልዬ እሰጠዋለሁ፤ ከነቁጣዬ። «እስከ ዛሬ የት ነበርክ? ራስህ እስኪፈርጥ ነው የምትጠብቀው?» እላለሁ። ቁጣዬን ከኪኒኑ እኩል ያምኑበት ነበር መሰለኝ፣ ዝም ብዬ የሰጠሁ ቀን ቅር ይላቸዋል።

በመድኃኒት ቤቱ ደጅ ከሚያልፉት ገበያተኞች አንዷ ቅቤ ሻጭ ነበሩ። ሰው ሁሉ «አማ» ይላቸዋል፤ በሀዲይኛም በእኛም ቋንቋ እናት ማለት ነው። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል፤ የቀራቸው አንድ ወንድ ልጅ ነው። እሱም አዲስ አበባ ገብቶ ዘፋኝ ሆኗል፤ እንዲያው ዘፋኝ ብቻ አይደለም፣ አገር ያወቀው ዘፋኝ! በሬዲዮ ድምፁ ሲሰማ የመናኸሪያው ሻይ ቤት ጸጥ ይላል፤ የአውቶቡስ ረዳቱ ሳይቀር መጣራቱን ያቆማል። አማ የጸሎት ቤት ሰው ስለሆኑ «እኔ ዘፈን አልሰማም» ይላሉ። ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆመው ነጠላቸውን ማስተካከል የሚጀምሩት ግን የልጃቸው ዘፈን ሲከፈት ነው፤ ተስተካክሎ የሚያልቀውም ዘፈኑ ሲያልቅ ነው።

አንድ የገበያ ቀን ከአዲስ አበባ የገባ የአውቶቡስ ሾፌር ወሬውን ይዞ መጣ። ዘፋኙ ራሱን አመመው፤ መድረክ ሳይወጣ ቀረ፤ ሁለት የራስ ምታት ኪኒን ውጦ ተኛ፤ በዚያው አሸለበ። በቃ፣ ይኸው ነው። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ከተማው በሙሉ አለቀሰ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነገሩ ወደ እኔ ዞረ። ጠዋት ኪኒን የገዙ ሴቶች ወረቀቱን በሁለት ጣት አንጠልጥለው፣ ከሰውነታቸው አርቀው ይዘው መጡ። «ውሰጂ መርዝሽን!» ብላ አንዷ ባንኮኒዬ ላይ በተነችው።

ደሜ ፈላ። «እንዴ! ይሄን ኪኒን ስንት ዓመት ስትውጡ ኖራችሁ የለም እንዴ? ማን ሞተ?» ብዬ ጮህኩባቸው። ጩኸቴን ሰምቶ ገበያተኛው በሩ ላይ ተሰበሰበ። እኔም አላፈርኩም፤ ደረጃው ላይ ወጥቼ፣ ሕዝብ እያየኝ፣ ሁለት ፍሬ አፌ ውስጥ ከተትኩና ውሃ ጠጣሁበት። ምላሴን አውጥቼ ሁሉ አሳየኋቸው። «ነገ ጠዋት ይሄን በር ከፍቼ ካላገኛችሁኝ ሬሳዬን አንሡ!» አልኩ።

ገና አፌን ሳልጠርግ ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ፣ «አንቺንማ አይነካሽም» አሉኝ። «የደም ነገር ነው። ለአንዱ ደም ይስማማል፣ ለሌላው ደም መርዝ ነው። የዚያ ልጅ ደም አልቻለውም።» ሕዝቡም ጭንቅላቱን ነቀነቀ። አንዳንድ ሰው አንዳንድ መድኃኒት አይስማማውም እያልኩ ሳስተምር የኖርኩት ራሴ ነኝ። በገዛ ትምህርቴ ረቱኝ። በማግስቱ ጠዋት ስከፍት የሚጠብቁኝ ሰዎች ነበሩ፤ ሊገዙ እንዳይመስላችሁ፣ መሞት አለመሞቴን ሊያዩ ነው። ቆሜ ሲያዩኝ፣ «አላልንም? ደሟ ነው» ተባብለው ሄዱ።

ይሄ ሳያንስ ሌላ ጣጣ መጣ። በእኛ አገር ሞት ለሟች እናት እንዲህ በመንገድ አይነገርም። መርዶ ወግ አለው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ በማለዳ ቤቷ ተሂዶ ነው የሚነገራት። የአማ ዘመዶች ደግሞ ቦኖሻና ሀደሮ ተበታትነዋል፤ እነሱ ተጠርተው እስኪደርሱ ተብሎ መርዶው ለእሁድ ተቀጠረ። እስከዚያው አማ ፊት ማንም ትንፍሽ እንዳይል ከተማው ተማማለ። የእድሩ ዳኛ መድኃኒት ቤቱ ድረስ መጥተው፣ «ሌላውን አልፈራም፣ ያንቺን አፍ ነው የምፈራው፤ አደራ!» አሉኝ።

«መሞቱን ማን አየ?» አልኳቸው።

«ሾፌሩ።»

ሾፌሩን ጠብቄ ጠየቅኩት። እሱ ደግሞ ቡታጅራ ቁርስ ሲበላ ከሌላ ሾፌር ነው የሰማው። ተመልሼ ዳኛውን፣ «ታዲያ ለምን አይጣራም?» ብላቸው እንደ ዕብድ አዩኝ። «የሰው ልጅ ሞተ ሲባል፣ እስቲ እርግጥ ይሁን ብለን እንጠይቅ? እንባ ሰሰቱ አያሰኘንም?» አሉ። ደጋግ ሰዎች ነበሩ፤ ችግሩም ደግነታቸው ነው። ለማልቀስ የሚቸኩል እንጂ የሚጠራጠር አልነበረም።

ያን ሳምንት ለአማ የተደረገላቸውን ብታዩ! ቅቤያቸውን ሰው ሳይከራከር ይገዛቸዋል፤ አሽትቶ አፍንጫውን የሚያጣምም እንኳ ጠፋ። የውሃ እንስራቸውን የሰፈር ጎረምሳ ከጀርባቸው ይነጥቃቸዋል። የቀበሌ ስኳር ሰልፍ ላይ፣ ሰው ለወለደችው እናቱ ተራ በማይለቅበት ዘመን፣ «አማ ይለፉ፣ አማ ይለፉ» እየተባለ ከፊት ደረሱ። የቀበሌው ሊቀመንበርም ኮታቸውን በእጁ ሰፍሮ ሰጣቸው አሉ። ይሄን ሲያደርጉ ደግሞ ማንም ዓይናቸውን አያያቸውም።

ኪኒኑን ሰው ሁሉ ሲሸሸው እየመጡ የሚወስዱት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ከገበያው ማግስት ጀምሮ በየቀኑ ብቅ ይላሉ። «ልጄ፣ ራሴን አመመኝ፤ ሁለት ፍሬ ስጪኝ።» ጠቅልዬ እሰጣለሁ። «ጌታ ይባርክሽ» ብለው ይሄዳሉ። የጎረቤቱ ልብስ ሰፊ መኪናውን አቁሞ፣ «እናቲቱንም ልትጨርሻት ነው? ደማቸው አንድ አይደለም?» ብሎ አፈጠጠብኝ። «አንተ ቁልፍህን ትከል!» አልኩት። ኪኒኑ እንደማይገድል እንደ ስሜ አውቃለሁ። ልጁ ስለመሞቱም ሆነ አለመሞቱ ግን የማውቀው ነገር አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት የእድሩ ድንኳን ቋሚዎች ተጭነው መጥተው ከአማ ጎረቤት አጥር ሥር ተጋደሙ። አማ ቅቤያቸውን ተሸክመው በዚያ ሲያልፉ አየኋቸው። ቆም ብለው እንጨቶቹን ተመለከቱ፤ ማንንም ሳይጠይቁ ወደ እኔ መጡ። አንጀቴን በሉት። ነገ ማለዳ ሽማግሌዎቹ ገብተው፣ በሦስተኛ ሰው ወሬ፣ እኚህን ሴትዮ መሬት ላይ ሊጥሏቸው ነው። ጋውኔን አወለቅኩ።

«አማ» አልኳቸው፣ «ከተማው ቢያወግዘኝም ልናገር ነው። ልጅዎ ሞቷል ይላሉ። እኔ አላምንም። ቴሌ ሄደን እንደውልለት።»

ጮኸው የሚወድቁ መስሎኝ ክንዳቸውን ይዤ ነበር። አልጮኹም። «እንሂድ» አሉና ቅቤያቸውን በኮባ ሸፍነው ባንኮኒዬ ሥር አስቀምጠው ቀድመውኝ ወጡ።

ቴሌ ገብተን ልጁ የሚሠራበትን ቴአትር ቤት ስልክ አስመዘገብን። መስመሩ ተይዟል ተባልን፤ ቆይቶ ተቋረጠ ተባልን፤ አሁንም ጠብቁ ተባልን። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን እንደተቀመጥን ያ ሁሉ ልበ ሙሉነቴ ውልቅ ብሎ ወጣ። በኪኒን ባይሞት በበሽታ ሞቶስ ቢሆን? ዘመድ በሌለበት፣ ደግፎ የሚይዛቸው ሽማግሌ በሌለበት፣ በመንግሥት ቢሮ አግዳሚ ላይ፣ ለጠላት የማይደረገውን አድርጌባቸው ቢሆንስ? አማ እጄን ይዘው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ሆሳዕና! ሁለት ቁጥር ግቡ!» አለች ኦፕሬተሯ።

አማ ገቡ። በሩን መዝጋት አላወቁበትም፤ እኔም አልዘጋሁት። በዚያ ዘመን ስልክ የሚያወራ ሁሉ ስለሚጮህ የወዲያኛው ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል። «እናቴ! ምን ሆንሽ?» ይላል። አማ ግን ፊታቸው አልተፈታም።

«እኔን ለማጽናናት ያቆሙህ ሌላ ሰው ትሆናለህ» አሉ በአማርኛ። «እስቲ፣ በወተቷ ያሳደገችህ ላም መልኳ ምን ነበር?»

ከወዲያ ሳቁ መጣ። «ቡሬ! ጅራቷ የተቆረጠ ቡሬ!»

አማ ግድግዳውን ተደገፉ። ቀጥሎ ያለውን በሀዲይኛ አወረዱበት፤ ሥራ ላይ የነበሩት ሁሉ ዞረው እስኪያዩ ድረስ ነው የተቆጡት። ለካ የዚያን ዕለት እውነትም ራሱን አሞት ነበር፤ ሁለት ፍሬ ውጦ ተኛ፤ በማግስቱ ተነሥቶ መድረክ ላይ ወጥቶ ዘፈነ። የወሬው የመጀመሪያ ግማሽ ሆሳዕና ደርሶ፣ ሁለተኛው መንገድ ላይ ቀርቶ ነበር።

ስንመለስ በደስታ አየር ላይ ነበርኩ። ለእድሩ ዳኛ መንገድ ላይ ነገርኳቸው፤ መጀመሪያ «ወግ አፈረሽ!» ብለው ጮኹብኝ፤ ቀጥለው ባርኔጣቸውን አውልቀው እዚያው አለቀሱ። ለልብስ ሰፊውም በመስኮቱ ነገርኩት። «ኪኒን አይገድልም ብያለሁ! ብያለሁ አላልኩም?» እያልኩ የመንገዱን ሰው ሁሉ አዳረስኩ። መድኃኒት ቤቱ ስንደርስ ጋውኔን መልሼ ለበስኩና ሁለት ፍሬ ጠቀለልኩ።

«ይውሰዱ አማ፣ የዛሬው የእኔ ግብዣ ነው። እንዲህ ያለ ሳምንት ያሳለፈ ራሱን ሳያመው አይቀርም።»

ወረቀቱን ወደ እኔ መልሰው ገፉት። «ራሴን አሞኝ አያውቅም፣ ልጄ።»

«እንዴ? ታዲያ ያን ሁሉ ቀን ምን ያደርግልዎት ነበር?»

«በዚያ የገበያ ቀን ከሰዉ ኋላ ቆሜ ነበር» አሉኝ። «አንቺ ስትውጪ አይቻለሁ። ሽማግሌውም የደም ነገር ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ያንቺ ደም የሱ ደም አይደለም። የኔ ደም ግን የሱ ነው። በነጋታው ካንቺ ወስጄ፣ ቤቴ ገብቼ ሁለቱን ዋጥኩ፤ ነጋልኝ። በማግስቱም ዋጥኩ፤ ነጋልኝ። በነጋልኝ ቁጥር፣ ልጄ አለ አልኩ።»

ክው አልኩ። «ወሬው እውነት ቢሆን ኖሮስ? ቢገድልዎትስ?»

«እሱ ያለበት እሄዳለሁ» አሉ፣ ስለ መንገድ ዋጋ እንደሚያወሩ ያህል ተረጋግተው። ከዚያ ቅቤያቸውን ከባንኮኒዬ ሥር አንሥተው፣ ገበያው ሳይበተን ልድረስ ብለው ወጡ።

ያን ሁሉ ቀን ሁለት ሁለት ፍሬ ጠቅልዬ በእጄ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። እሳቸው መርዝ ሊሆን ይችላል እያሉ ነበር የሚቀበሉኝ። በሩን ዘጋሁና መሬት ላይ ተቀምጬ፣ ጋውኔን አፌ ውስጥ ከትቼ አለቀስኩ።