ይመር የለጠፈው ማእዘን

ትናንት ከሰዓት በኋላ አቡዳቢን አቧራ የተሸከመ ነፋስ ሲያምሳት ዋለ። መዲናት ዛይድ ካለው ቤታችን አናት ላይ አንድ ቆርቆሮ ይንጓጓ ጀመር። ልጄ ለወትሮው ከእንግሊዝኛ ወዲያ አትወድም፤ ስትፈራ ግን አማርኛዋ ይመጣል። «አባ፣ ነፋሱ ጣራውን ገፍቶ ይጥለዋል?» አለችኝ።

«ነፋስ ጣራን አይገፋም፤ ወደ ላይ ይመጥጠዋል» አልኳት። ይህን ያስተማረኝን ሰው ስም ግን አላነሣሁላትም።

ይመር ይባላል፤ የሐይቅ ከተማ ልጅ ነው። ያኔ እኔ ፀጉሬ ያልሸበተ ጎረምሳ ነበርኩ፤ እሱም ቢበልጠኝ በጥቂት ነው። ኮሮና ዓለሙን በዘጋበት ዓመት፣ ሙቀቱ አናት በሚበሳበት ወራት፣ አል አይን ውስጥ የአንድ መጋዘን ጣራ እንሠራ ነበር። እኔ ጥቁሩን የሬንጅ ንጣፍ እዘረጋለሁ፤ እሱ በጋዝ እሳት እያቀለጠ ይለጥፋል። ማእዘን ላይ ስንደርስ ማንንም አያስነካም። «ነፋስ ሌባ ነው፤ የሚገባው በማእዘን ነው» ይላል።

ታናሽ እህቱ ዘሐራ አቡዳቢ፣ አል ፈላሕ ሰፈር በሰው ቤት ትሠራለች። እኛ በጥላ ሥር ሩዝና ምስራችንን ይዘን ስንቀመጥ ትደውላለች፤ ይመርም ስልኩን መሐላችን አስቀምጦ ሦስታችን እናወራለን።

«የኔን ጣራ ዐውሎ ነፋስ አይነቅለውም!» ይላታል።

«ወላሂ ጉረኛ! መጀመሪያ ይፈተንልህ» ትለዋለች።

የመጨረሻውን ማእዘን ለጥፎ በጨረሰ ማግስት አተኮሰው። ፀሐይ ነው አልን። በኋላ ግን ትንፋሽ አጠረው፤ ነጭ የለበሱ ሰዎች መጥተው ወሰዱት። አምቡላንሱ ውስጥ ሲገባ፣ «አብሽሩ፣ ሳልመጣ ጣራዬን እንዳትፈትኑ» አለን። አልተመለሰም። መሞቱን የነገረን የምናድርበት ካምፕ ኃላፊ ነው፤ እሱም ከበሩ ርቆ ቆሞ። ሬሳውን አላየን፣ አፈር አላለበስን። ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን እስከ ዛሬም አላውቅም።

አሁን ዘሐራን ማን ይንገራት? ሾፌራችን ጋሽ አበራ፣ «መርዶ በስልክ አይነገርም። በማለዳ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ስትወድቅ ደግፎ የሚይዛት ሲኖር» አሉ። እውነታቸውን ነው። ግን ከአል አይን አቡዳቢ መግባት ተከልክሏል። ማዳሟም በሽታውን ፈርታ እንኳን እንግዳ ልታስገባ፣ ዘሐራንም ከግቢ አታስወጣትም። በቤቱ ሌላ ሐበሻ የለም። ዝም እንዳንል ደግሞ አንዱ ችኩል ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጥፎ እዚያ ታየዋለች። ብቻዋን መስማቷ ካልቀረ ከሰው አፍ ትስማው ብዬ እኔ ልነግራት ወሰንኩ።

ሰው መሰብሰቡ ቢቀር ሰዓቱን እንኳ ልጠብቅላት ብዬ ጎሕ ሲቀድ ደወልኩ። የባሰው ያ ነበር። በማለዳ ደውዬላት አላውቅማ! ጠራ፣ ጠራ፤ አላነሣችም። ስደግም ስልኩን ዘጋችው። የእኛ ሰው በማለዳ የሚጠራ ስልክ ምን ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል።

የጣራው ፈተና የዚያኑ ዕለት ነበር። ከጠራ ፕላስቲክ የተሠራ ትልቅ ክዳን የይመር ማእዘን ላይ ደፍተን ዳር ዳሩን አሸግን። ፓምፑ ከውስጥ አየሩን ይመጥጣል፤ ልክ ነፋስ እንደሚያደርገው። መሐንዲሱ ኃይሉን ትንሽ ይጨምርና ይጠብቃል፤ ደግሞ ይጨምራል። ንጣፉ እንደ ሊጥ ከተነፋ ወድቋል ማለት ነው፤ ያ እጅ የለጠፈው ሁሉ ተገሽልጦ ይጣላል። በጉልበቴ ተንበርክኬ አፈጠጥኩበት። ሰው ሬንጅ ይለምናል? እኔ ለመንኩ። አደራህን፣ አትነሣ አልኩት። ፓምፑ አጓራ፤ ንጣፉ ዝም አለ። በመጨረሻ መሐንዲሱ «ኸላስ፣ አልፏል» ብሎ ማሽኑን አጠፋው።

ጋሽ አበራ ምሳችንን ይዘው ሲወጡ ስልኬ ጮኸ። ሰዓቷን ጠብቃ ነው።

«ዳዊት፣ ጣራ ላይ ነህ?»

«አዎ፣ ዘሐራ።»

«ተፈተነ?»

«አሁን አለቀ።»

«የይመር ማእዘንስ?»

«ያዘ። ንቅንቅ አላለም።»

ከበስተኋላዋ የቧንቧ ውኃ ሲፈስ ይሰማኛል። «ቆይ፣ ውኃውን ልዝጋ» አለች። ከዚያ፣ «መሬት ላይ ተቀምጫለሁ። ግድግዳውን ተደግፌያለሁ። በል፣ አሁን ንገረኝ።»

ነገርኳት። የማዳሟ ሕፃን አጠገቧ ተኝቶ ነበርና አልጮኸችም፤ ሻሿን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ስታለቅስ ሰማኋት። እንደዚያ ዓይነት ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም፤ ደግሞም አያሰማኝ። ጋሽ አበራ ስልኩን ተቀበሉኝና፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ሁላችንም እዚህ ተቀምጠናል» አሏት። እውነትም ተቀምጠን ነበር። አብረውን የሚሠሩት ፓኪስታኖችም፣ መሐንዲሱም ሳይቀር፣ በሚፋጀው ጣራ ላይ ተራርቀን፣ ምሳውን ማንም ሳይነካው።

ከዚያ ወዲህ ለማንም ሰው በማለዳ አልደውልም። ልማዳችን ደግ ነው፤ ግን የተሠራው ሰው ለሰው መድረስ ለሚችልበት አገር ነው። እኛ ያኔ የነበርንበት እንደዚያ አልነበረም።

ዘሐራ አገሯ ገብታለች። ዛሬ በምሳ ሰዓት ከሐይቅ ደወለችልኝ። የትናንቱን ነፋስ በስልኳ አይታው ኖሮ፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም፣ «ያዘ?» አለችኝ።

ያንን መጋዘን ካየሁት ብዙ ዘመን ሆኗል። ይቁም ይፍረስ አላውቅም።

«ያዘ» አልኳት።